በእህል ውስጥ ያለውን ብረት ስለ መመርመርና ስለ አውድማ ትቢያ

ለሰው አካል እጅግ በጥቂቱ ከሚያስፈልጉት ነገሮች ብረትና ዚንክ ይቈጠራሉ። እነዚህም ከዓለት ወደ ዐፈር፣ ከዐፈርም ወደ አዝመራ የሚተላለፉ ስለሆነ መጠናቸው እንደየአገሩ ይለያያል።

በስሜን ተራራ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው የጊች አምባ ዓለቱ የጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው፣ ብረት የበዛበት ባዛልት ነው። ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እስከ ተዛወሩ ድረስ ገብስ ይዘሩበት ነበር።

በስሜን ገብስ በአውድማ ላይ በከብት እግር ሲወቃ ትቢያ ይደባለቅበታል። መርማሪው ፍሬውን ፈጭቶ በብርቱ አሲድ ካሟሟው በኋላ በመሣሪያ ይለካዋል፤ መሣሪያው ግን የገብሱን ብረት ከትቢያው ብረት አይለይም። ንጹሕ ገብስ በኪሎ 40 ሚሊግራም ያህል ብረት ቢኖረው፣ ከመቶ 5 እጁ ብረት የሆነ ዐፈር አንድ ግራም ብቻ ሲገባበት 50 ሚሊግራም ይጨምርበታል። ቍጥሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው፤ በላተኛው ግን ከትቢያው ብረት የሚያገኘው ጥቅም እምብዛም ነው። ይህን ቍጥር አምኖ «በወረዳዬ ብረት አልጐደለም» የሚል ሹም ደም ያነሳቸውን እናቶች ሳይረዳ ይቀራል። ዚንክ በዐፈር ውስጥ ጥቂት ስለሆነ እንዲህ አያታልልም።

ስለዚህ ለምርመራ የሚላከው ገብስ በማሳው ቆሞ ሳለ ዛላው ይቈረጥ፤ በንጹሕ የወረቀት ከረጢት ተደርጎ ቦታውና ቀኑ ይጻፍበት። ዱቄት አይላክ፤ ወፍጮም ከራሱ ይጨምራልና። ከጐተራ በቀር የማይገኝ እንደሆነ ቲታኒየም አብሮ ይለካ፤ ተክል ይህን ከምድር እምብዛም ስለማይስብ፣ በዝቶ ከተገኘ የትቢያው መኖር ይታወቃል።