በባትሪ የሚሠራ የእጅ መጥረጊያ፦ አገጣጠሙና ጥንቃቄው

ትምህርት ለቤተሰቦችና ለጤና በጎ ፈቃደኞች



በናይሮቢ፣ በተለይም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በኢስሊ፣ አንዲት ክፍል ለብዙ ቤተሰብ መኝታም፣ ማብሰያም፣ እንግዳ መቀበያም ናት። በባትሪ የሚሠራ የእጅ መጥረጊያ ለእንዲህ ያለ ቤት ይጠቅማል። ወገብ ሳያጎብጥ ፍርፋሪውን፣ ፀጉሩንና አቧራውን ይሰበስባል። ነገር ግን የሚሽከረከር ብሩሽ፣ ኤሌክትሪክና አቧራ በአንድ ላይ ያሉበት ዕቃ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ሲጠርጉ ብቻ ሳይሆን ሲገጣጥሙት፣ ብሩሹን ሲያጸዱና ባትሪውን ሲሞሉ ጭምር ነው። ስለዚህ አንድ ደንብ ከሁሉ በፊት ይያዙ፦ ባትሪው ሳይወጣ እጅዎ ወደ ብሩሹ አይግባ።

ከመግጠምዎ በፊት

የቻርጀሩን ጽሑፍ ያንብቡ። የኬንያ መብራት 240 ቮልት ነው። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈ ይሠራል። 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ፣ ለምሳሌ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ከሆነ፣ ሶኬት ላይ አይሰኩት። ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

የኬንያ ሶኬት ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች አሉት። ሁለት ክብ እግር ያለውን ስፒና ለማስገባት ብዙ ሰው የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ይከፍታል። ይህን አያድርጉ። ስፒናው ላልቶ ይቀመጣል፣ ይግላል፣ ይፈነጥቃል። ይህን የሚያይ ሕፃንም በምስማር ሊሞክረው ይችላል። ፊውዝ ያለው ትክክለኛ ማቀያየሪያ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ይግዙ።

አገጣጠሙ

1. ክፍሎቹን በደረቅ ቦታ ይዘርጉ፦ እጀታ፣ ዘንግ፣ ብሩሽ ያለው ራስ፣ የቆሻሻ መያዣ፣ ማጣሪያ ካለው ማጣሪያ፣ ባትሪና ቻርጀር።
2. ማብሪያው መጥፋቱንና ባትሪው አለመግባቱን ያረጋግጡ። ባትሪው የማይወጣ ዓይነት ከሆነ ከቻርጀሩ ይንቀሉትና ማብሪያውን ያጥፉ።
3. የዘንጉን ቁርጥራጮች “ቀጭ” እስኪል ይግጠሙ። ከዚያ ሳብ አድርገው ይፈትኑት።
4. ራሱን ከዘንጉ ጋር ያገናኙ። ብሩሹን በጣትዎ አንድ ጊዜ ያዙሩት። የሚይዘው ነገር ካለ አውጥተው እንደገና ይግጠሙት።
5. የቆሻሻ መያዣውንና ማጣሪያውን ያስገቡ። ማጣሪያ ያለውን ዓይነት ያለ ማጣሪያ አይሥሩበት፤ አቧራው ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይወጣል።
6. ባትሪውን በመጨረሻ ያስገቡ።

ሲጠርጉ

ነጠላን፣ ሻርፕንና ረጅም ሐብልን ያውልቁ ወይም ጠበቅ አድርገው ይሰሩ። ረጅም ፀጉር ይታሰር። ጫማ ያድርጉ። ሕፃናት ከክፍሉ ይውጡ። መስኮትና በር ይከፈቱ።

የሚከተሉትን በዚህ መጥረጊያ አይጥረጉ፦

• ፍምና አመድ። ቡናው ተፈልቶ ዕጣኑ ጨሶ ካበቃ በኋላ ወለሉ ላይ የወደቀ ከሰል ከላይ አመድ መስሎ ውስጡ ሊግል ይችላል። መያዣው ውስጥ ካለው ፀጉርና ወረቀት ጋር ሲገናኝ ይቀጣጠላል። መጀመሪያ በብረት ማፈሻ ያንሡት፣ ውኃ ያፍስሱበት፣ ከዚያ ይጣሉት።
• ቄጠማ። ብሩሹ ላይ ይጠመጠማል። በእጅ ይሰብስቡት።
• ውኃና እርጥብ ነገር። ኤሌክትሪክና ውኃ አይስማሙም።
• የተሰበረ ብርጭቆና መርፌ።
• ትውከት፣ ተቅማጥ ወይም ደም። መጥረጊያው ጀርሙን ወለሉ ላይ ሁሉ ያዳርሰዋል። ጓንት ያድርጉ፣ በጨርቅ ወይም በወረቀት ያንሡ፣ ከዚያ ቦታውን በ0.5 በመቶ ክሎሪን ለ10 ደቂቃ ያርሱት። በጠርሙሱ ላይ 3.5 በመቶ የሚል በረኪና ካለዎት አንድ ኩባያ በረኪና በ6 ኩባያ ውኃ ይበጥብጡ። ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

አቧራና ሳምባ

አስም ያለበት ሰው ሲጠረግም ሆነ የቆሻሻ መያዣው ሲገለበጥ ከክፍሉ ይውጣ። መያዣውን በደጅ፣ ነፋሱን ጀርባዎ አድርገው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ያራግፉ።

አንዳንድ ሰዎች ቤት ስለተጠረገ የሳምባ ነቀርሳ የማይተላለፍ ይመስላቸዋል። የሳምባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በሽተኛው ሲያስልና ሲናገር በሚወጣው አየር ነው። መጥረጊያ ይህን አያስቀርም። የሚያስቀረው የተከፈተ መስኮት፣ ሲያስሉ አፍን መሸፈንና መድኃኒትን ሳያቋርጡ መጨረስ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በአፈር ወለል ላይ

እንደ ካኩማና ዳዳብ ባሉ ካምፖች የአፈር ወለል ላለው ቤት ይህ መሣሪያ አይሆንም። አፈሩ ብሩሹን ይበላል፣ አቧራም ያስነሣል። ጥቂት ውኃ ረጭቶ በተለመደው መጥረጊያ መጥረግ ይሻላል።

ባትሪ ሲሞሉ

ፍራሽ፣ ምንጣፍ ወይም ልብስ ላይ አይሙሉ። ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ወለል ላይ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ ይሁን። በር አጠገብም አይሁን፤ እሳት ቢነሣ መውጫው ይዘጋል። ተኝተው ወይም ወጥተው አይሙሉ፤ ሲሞላ ይንቀሉ። በአንድ ማከፋፈያ ላይ ማብሰያ፣ ካውያና ቻርጀር አብረው አይሰኩ። ያበጠ፣ የሚሸት ወይም ከመጠን በላይ የሚግል ባትሪ ከዚያ በኋላ አይሞላም። አይክፈቱት፣ እሳት ውስጥም አይጣሉት። ከቤት አውጥተው ለዕቃ ጠጋኝ ወይም ለሸጠልዎ ሱቅ ይመልሱ። የተላጠ ገመድ በናስትሮ ተጠቅልሎ አይቀጠልም፤ ቻርጀሩ ይቀየር።

አደጋ ቢደርስ

• ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ አይንኩ። ሶኬቱን ወይም ቆጣሪውን ያጥፉ። ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ገመዱን ያርቁ።
• ቃጠሎን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ያቀዝቅዙ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ቡና አይቀቡ።
• ጣት ቢቆረጥ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብለው ይያዙና ወደ ሐኪም ይሂዱ።
• ባትሪ ከተቀጣጠለ ሁሉም ሰው ይውጣ። ዕቃ ለማትረፍ አይመለሱ። ወደ 999 ወይም 112 ይደውሉ።

ለበጎ ፈቃደኞች

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ አይስጡ። መጥረጊያውን ይዘው ይሂዱና የቤቱ እመቤት ራሳቸው እንዲገጥሙት ያድርጉ። ከዚያ እነዚህን ይጠይቁ፦

1. ብሩሹ ላይ ፀጉር ቢጠመጠም መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?
2. ከቡና በኋላ ወለሉን በምን ይጠርጋሉ?
3. ዛሬ ማታ ባትሪውን የት፣ መቼ ይሞላሉ?

ሦስተኛውን ሲጠይቁ ቦታውን በእጃቸው እንዲያሳዩዎት ያድርጉ። ፍራሹ አጠገብ ካሳዩዎት አብረው ሌላ ቦታ ይፈልጉ።