ስለ ከብት ኪንታሮት ለባለከብቶች የሚጠቅም ትምህርት

በጥጃ ወይም በወይፈን ራስ፥ አንገትና ትከሻ ላይ ሻካራ እባጭ ወጥቶ፥ ውሎ አድሮም እንደ አበባ ጎመን ሲያድግ የሚያይ ባለከብት ብዙ ጊዜ ይደነግጣል። አንዱ በቢላዋ ይቈርጠዋል፤ ሌላው በጋለ ብረት ይተኵሰዋል፤ አንዳንዱም ከብቱን ያለ ዋጋው ይሸጠዋል። ሁሉም የሚጐዱት ራሳቸውን ነው።

ይህ በሽታ የከብት ኪንታሮት ነው። የሚያመጣውም ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ የሚገባው ቆዳ በተጫረበት፥ በቈሰለበት ወይም በተወጋበት ስፍራ ነው። ስለዚህ የታመመው ከብት የተፋተገበት አጥር፥ የታሰረበት ገመድ፥ ጆሮ የተበሳበት መሣሪያና ሳይቀቀል ለሌላ ከብት ያገለገለ መርፌ በሽታውን ያስተላልፋሉ። እባጩ የሚታየው ከወራት በኋላ በመሆኑ ባለቤቱ መነሻውን ሳያውቀው ይቀራል። ይልቁንም የሚያዙት ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆነ ከብቶች ናቸው።

የከብቱ ሰውነት ቫይረሱን መቋቋም ሲጀምር፥ አብዛኛው ኪንታሮት በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ ደርቆ በራሱ ይረግፋል። በዚህም ምክንያት በመጨረሻ የተቀባው ቅባት ሁሉ ያዳነ ይመስላል፤ ገንዘብም በከንቱ ይባክናል። በጡት ጫፍ ላይ የወጣው ግን ማለብን ያስቸግራልና ለከብት ሐኪም ማሳየት ይገባል። እንዲህ ያለችው ላም ከሌሎቹ በኋላ ትታለብ፤ አላቢውም እጁን በሳሙና ይታጠብ። በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ነገር ግን እባጭ ሁሉ ኪንታሮት አይደለም። ትኩሳት ይዞት በመላ ገላው ላይ ክብና ጠንካራ ጕብታ በድንገት የወጣበት ከብት፥ የቆዳ ጕርብርብ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. በሰሜን ሮዴዥያ፥ በዛሬዋ ዛምቢያ ታወቀ፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ታየ። ደም በሚመጡ ዝንቦች ይዛመታል፤ ወተትን ያስቀራል፥ ቆዳን ያበላሻል፥ ከብትንም ይገድላል። መከላከያ ክትባት ግን አለው።

እንግዲህ የባለከብቱ ተግባር ይህ ነው፤ ኪንታሮት ያለበትን ከብት ለይቶ ማሰር፥ ገመዱን ለሌላ አለማዋል፥ መርፌና መብሻ ቀቅሎ መጠቀም፥ እባጩን በገዛ እጅ አለመቍረጥ። ትኩሳትና ጕብታ አብረው የታዩ እንደ ሆነ ግን፥ ከብቱን ወደ ገበያም ሆነ ወደ ጋራ ግጦሽ ሳይነዱ፥ በዚያው ቀን ለከብት ሐኪም ማስታወቅ ነው። አንድ ቀን የዘገየ ባለከብት የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም በረት ለአደጋ ያጋልጣል።