ስልኩን ከመንጠቅ ሥራ መስጠት

ሐምሌ ገባ። ካርድ ተሰጠ፣ ዩኒፎርሙ ታጥቦ ቁም ሳጥን ገባ፣ ጦሳም ጉሙን ተከናንቦ ደሴን ከላይ ያያታል። የሰፈር ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ጭቃ ነው። ልጅ የመጀመሪያውን ቀን ይተኛል፤ በማግሥቱ ቴሌቪዥን ያያል፤ በሦስተኛው ቀን «ደበረኝ!» ይላል። ያን ጊዜ የእኛ እጅ ወደ ኪስ ይገባና ስልኩ ይወጣል። ልጁ ዝም፣ እኛም እፎይ።

ማንንም ለመውቀስ አልተነሣሁም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ እናት፣ ሰኞ ገበያ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ የምትቆም እናት፣ ከኮምቦልቻ ሚሌ ሲነዳ የሚያድር አባት፣ ስልኩን ሞግዚት ያደረጉት ሌላ ሞግዚት ስላላገኙ ነው። የምሥራቹ ግን አለ፤ የሚያስፈልጋችሁ ገንዘብም ኮርስም አይደለም። ልጅ ስልኩን የሚረሳው ስለተነጠቀ ሳይሆን፣ በእጁ የሚሠራውን ነገር የሚጠብቅ ሰው ሲኖረው ነው። የሚያይለት፣ የሚገዛው፣ የሚስቅለት፣ መልስ የሚልክለት ሰው። የነጠቃችሁት ስልክ ልቡን ይዞት ይቀራል፤ «ማክሰኞ አያትህ መጥተው ያዩታል» የተባለለት ሥራ ግን ጠዋት በጊዜ ያስነሣዋል።

እዚህ ላይ እኛ ከብዙ አገር ወላጅ ይልቅ ዕድለኞች ነን። የክረምት ዕረፍታችን የሚያልቀው እንዲሁ አይደለም፤ የልጆች በዓላት ላይ ነው። ቡሄ ነሐሴ 13፣ እንቁጣጣሽ መስከረም 1። ጳጉሜን 5 ቀን በምትሆንበት ዓመት ከሐምሌ መባቻ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ 65 ቀን አለ። ታዲያ ይኼ ሁሉ ቀን የዝግጅት ጊዜ ቢሆንስ?

የእንቁጣጣሽን ሥዕል ውሰዱ። ልጆች ወረቀት ላይ አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ፣ ዶሮ ሥለው በየቤቱ ያዞራሉ፤ ሰውም ተቀብሎ ብር ይሰጣቸዋል። ከልጅነት ሥራዎች ሁሉ እንደዚህ የተሟላ አላውቅም። ሐሳብ አለው፣ የእጅ ሥራ አለው፣ ቀነ ገደብ አለው፣ ገበያ አለው፣ የማያውቁትን ሰው በር አንኳኩቶ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለትን የመሰለ ድፍረትም ይጠይቃል። ዛሬ ዛሬ ግን ልጁ ጳጉሜን 5 ማታ ይሯሯጥና ፎቶ ኮፒ የተደረገ አበባ ገዝቶ ቀለም ይቀባበታል፣ አለዚያም ታትሞ ያለቀለትን ያዞራል። አልፈርድበትም፤ ጊዜ ያልሰጠነው እኛ ነን። በሐምሌ ብንጀምርስ? አንድ ደብተር፣ እርሳስና ቀለም ግዙለትና በሳምንት አንድ ሥዕል ይሥራ። የመጀመሪያው ሳምንት አበባ ያው የሁሉም ልጅ አበባ ይሆናል። «የእኛን ሰፈር ሣልልኝ» በሉት። ጦሳን፣ ፒያሳን፣ ባጃጅ ተራውን፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲጠለል። የኮምቦልቻው ልጅ ደግሞ ቦርከናን፣ ሐረጎን የሚወጣውን የጭነት መኪና ሰልፍ። እንቁጣጣሽ ጠዋት ሌላው አሥር ልጅ አንድ ዓይነት አበባ ይዞ ሲቆም የእናንተው ልጅ የጎረቤቱን የራሱን በር ሥሎ ቢያመጣለት፣ ያ ሰው ስንት እንደሚሰጠው እናንተው ገምቱ።

አንድ ነገር ላክልበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሕፃን የነበሩ ልጆች ዛሬ ክፍል ውስጥ ናቸው። ለአንዳንዱ እርሳስ ስትሰጡት የሚወጣው አበባ ላይሆን ይችላል። አትደንግጡ፣ «ይኼን ተው፣ ደስ የሚል ነገር ሣል» አትበሉት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ «እስቲ ንገረኝ፣ ይኼ ማነው?» በሉት።

ወደ ቡሄ ስንመጣ ሁለት ሥራ አለ። አንዱ ጅራፍ ነው። ጅራፍ መግመድ በቃል የሚነገር ትምህርት አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው እጅ አይቶ ነው የሚለመደው። ስለዚህ አያት ወይም አጎት ይጠራል፤ ልጁም ከትልቅ ሰው ጋር ግማሽ ቀን ቁጭ ይላል። ሁለተኛው ሆያ ሆዬ ነው፤ እኔ የበለጠ የምወደው። አውራጁ የቤቱን ባለቤት እያየ የሚያወድስበትን ቃል እዚያው ሲፈጥር ታውቁታላችሁ አይደል? ይኼ እኮ የግጥም ትምህርት ነው፣ ያውም ሕዝብ ፊት። ልጆቹ ከዩቲዩብ የሸመደዱትን ከሚደግሙ ከሐምሌ ጀምረው ለየጎረቤቱ የራሱን ሁለት ሁለት ስንኝ ያዘጋጁ። ለባለሱቁ፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለሹፌሩ። የሰፈሩን ሰው ጠባይ ማጥናት ሊኖርባቸው ነው። ይጠየቅ፣ ይጻፍ፣ ይሰረዝ፣ እንደገና ይጻፍ። ሙልሙሉን የሚያበዛላቸውም ይኼው ነው።

ወሎ ላይ የጎረቤት በዓል የጎረቤት ብቻ ሆኖ አያውቅም። መውሊድ በፀሐይ አቆጣጠር ቀኑ ይዞራል፤ በ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነበር የዋለው። ድቤው ሲመታ ልቡ የማይመታ የደሴ ልጅ የለም። ከመድረሳም ከሰንበት ትምህርት ቤትም የሚመለሱት ልጆች ከሰዓት በኋላ የሚገናኙት አንድ ግቢ ነው። የዜማ ነገር ከተነሣ ደግሞ አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸው የዚሁ የወሎ አገር ስም ነው። ባዶ የዘይት ጣሳ፣ ሦስት እንጨትና ቀጭን ሽቦ ያገኘ ልጅ የራሱን ክራር መሥራት ይችላል። ድምፁ ጆሮ ይበሳል፤ ቻሉት።

የአየሩ ነገር ሁለቱን ከተሞች ይለያያቸዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በነሐሴ ብርዱ ቤት ያስቀምጣል። ስለዚህ የደሴ ሥራ የቤት ውስጥ ሥራ ነው። ገበጣ አስተምሩት። በሁለት ረድፍ የሚጫወቱ ከሆነ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48። መሬት መቆፈር ካልተቻለ የእንቁላል ካርቶን ይበቃል፤ ጠጠሩም ሽምብራ ይሁን። ሲጫወት የምታዩት ልጅ ሒሳብ እየሠራ መሆኑን አትንገሩት፤ ያቆማል። ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ፣ መቼም መጥፋቱ አይቀርም፣ «እንቆቅልህ» በሉ። «ምን አውቅልህ» ይላል። ካቃተው አገር ይሰጣል። ደሴን ሰጥቶ ሐይቅን ሲከለክል፣ ሐይቅን ሰጥቶ ኮምቦልቻን ሲያስቀር፣ የአገሩን ካርታ ሳያውቀው ያጠናል።

ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ፀሐይ ወጣ ስትል ደጅ ያስወጣል። እዚያ የሽቦ መኪና ይሠራ። ወደ ባቲና ሚሌ የሚወርደው መንገድ ዳር ያደገ ልጅ ስለ ጭነት መኪና የማያውቀው የለም፤ ተሳቢው እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ጎማው ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ ይቆረጣል፣ ቆርኪው መብራት ይሆናል። ከልብስ ሰፊ ቤት የሚጣለው ቁርጥራጭ ጨርቅ ደግሞ ኳስም ይወጣዋል፣ አሻንጉሊትም፣ እቃቃ ለሚጫወቱት መጋረጃም። ዕቃውን አዘጋጅታችሁ ዘወር በሉ። ትልቁ ፈተና የእኛው ነው፤ «እንዲህ አይደለም፣ አምጣ ላሳይህ» የማለት አባዜ።

ስክሪን ራሱ ጠላት ነው እንዳትሉኝ። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ተረት የነገሩን በቴሌቪዥን ነበር። ልዩነቱ ተረቱ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ እኛም ደጅ ወጥተን ተረቱን ለባልንጀራችን እንደግመው ነበር። የዛሬው ቪዲዮ አያልቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ተቀምጦ ስክሪን የሚያይበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ደግሞ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነትን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ብሏል። ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይና አባሮሽ ይኼን ሲሞሉ ኖረዋል።

«ደግ፣ ግን ማን ይዋልላቸው?» ትሉኛላችሁ። ትክክል ናችሁ፤ ሥራ የሚውል ሰው ጅራፍ ሲገመድ ቆሞ ሊያይ አይችልም። ዕቁብ የምታውቅ አገር ግን ለዚህ መላ አታጣም። አራት ጎረቤቶች ተስማሙ፤ እያንዳንዳችሁ በሳምንት አንድ የዕረፍት ወይም ቀለል ያለ ግማሽ ቀን የአራታችሁንም ልጆች ያዙ። አንዷ ቤት ሥዕል፣ አንዷ ቤት ገበጣ፣ አንዱ ጋ ሽቦና ጨርቅ፣ አንዱ ቤት አያት አሉና ተረት፤ ልጆቹም ተረቱን በደብተር ይጻፉት። ያን ግማሽ ቀን ያስተናጋጁ ወላጅ ስልክም መሳቢያ ይግባ። እኛ ቲክቶክ እያየን «ሂድ ሥዕል ሣል» ብንለው ልጅ ያየውን ነው የሚያደርገው።

በአራተኛው ቀን ሰልችቶት ስልኩን ቢለምንስ? ይለምናል። «ደበረኝ» ሲል ወዲያው መፍትሔ ይዛችሁ አትሩጡ፤ ትንሽ ይደበር። ሩብ ሰዓት ከታገሣችሁት ብዙውን ጊዜ ከወንበር ሥር አንድ ነገር ፈልጎ ያወጣል።

ከየት እንጀምር ለምትሉ ርካሹን ልንገራችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፤ ደሴ ቤት ያለው ሰው ኮምቦልቻ አክስት ወይም አጎት አያጣም። ልጃችሁ ዛሬ ለአክስቱ ልጅ በወረቀት ደብዳቤ ይጻፍ፣ ከሥሩም ሥዕል ያክልበት። ፊደሉን አታርሙለት። መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ግን ይኑርበት፤ «እናንተ ጋ ዛሬ ዘነበ ወይ? የሽቦ መኪናህ ስንት ጎማ አለው?» የሚል። ከዚያ ነገ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ፈልጉና ስጡት። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይክተተው፤ የመልሱን ቀንም አደራ ይባል።