ከአካባቢ በሚገኝ ቁሳቁስ ወጪ ቆጣቢና ዘላቂ ቤት መሥራት
ለአርዲቦ ሐይቅ ተፋሰስ ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

1. መግቢያ

አርሶ አደሩ ምርቱ ከፍ ሲል ቀጥሎ የሚያስበው ቤት ነው። የእህል ማስቀመጫ ያስፈልገዋል፣ የከብት በረት ይጠበዋል፣ የዶሮ ቤት ይሠራል፣ የመኖሪያ ቤቱንም ማሻሻል ይፈልጋል። በአርዲቦ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ይህን ሲያስብ ብዙ ጊዜ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለው ይመስለዋል። አንዱ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ በጭቃ የሚመረገው ቤት ነው፤ ብዙ እንጨት ይፈጃል፣ ግርጌውንም ምስጥና እርጥበት ይበላዋል። ሁለተኛው የብሎኬትና የሲሚንቶ ቤት ነው፤ ቁሳቁሱ ከከተማ ተገዝቶ፣ ተጭኖ፣ ከመንገድ በኋላም በአህያና በሰው ትከሻ የሚደርስ ስለሆነ ለማዳበሪያ፣ ለምርጥ ዘርና ለእርሻ በሬ የሚሆነውን ገንዘብ ይወስዳል።

ይህ ጽሑፍ ሦስተኛውን መንገድ ያሳያል። ዋና መልእክቱም አንድ ነው፦ የአፈርን ግድግዳ የሚያፈርሰው ውሃ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ከራሳችን አፈር እንሥራ፤ ያለንን ገንዘብና ጠንካራ ቁሳቁስ ደግሞ ውሃ በሚያጠቃቸው ሁለት ቦታዎች፣ ማለትም በመሠረቱና በጣሪያው ላይ እናውል።

ከዚህ ሥልጠና በኋላ ሠልጣኞች፦
- ለጡብ የሚሆን አፈር ያለ መሣሪያ መርምረው ይለያሉ፤
- የጭቃ ጡብ በትክክለኛው ወቅትና አሠራር ያዘጋጃሉ፤
- መሠረትን፣ ማሰሪያንና ጣሪያን አስተካክለው ይሠራሉ፤
- ግንባታቸው ሐይቁንና ተፋሰሱን እንዳይጎዳ ያደርጋሉ።

2. የአርክቴክቶች ልምድ ምን ያስተምረናል?

“በአፈር መሥራት የድሃ ሥራ ነው” የሚል አስተሳሰብ አለ። የሕንፃ ባለሙያዎች ግን ወደ አፈር እየተመለሱ ነው። ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው በአገራችን የተሠራ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት በስዊዘርላንድ ከሚገኘው የዙሪክ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ባለ ፎቅ የማሳያ ቤት መሥራት ጀመረ። የታችኛው ግድግዳ የተሠራው በሣንቃ ቅርጽ ውስጥ በተጠቀጠቀ አፈር ነው። የፎቁ ወለልና ጣሪያው ደግሞ ከአፈር በተሠሩ ስስ ጡቦች በቅስት ተሸክሞ እንዲቆም ተደርጓል። ባለሙያዎቹ የተነሡበት ጥያቄ ለእኛም ይሠራል፦ የግንባታ ብረት በአመዛኙ ከውጭ የሚገባና ውድ ከሆነ፣ እንጨቱም እየጠፋ ከሄደ፣ በእጃችን የቀረው ምንድን ነው? መልሳቸው አፈርና የሰው ጉልበት ነበር። እኛ ቅስት ጣሪያ መሥራት አይጠበቅብንም፤ እሱ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ከዚያ የምንወስደው ትምህርት አፈር በትክክል ከተያዘ ሸክም የሚችል ቁሳቁስ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የእኛን የመሰለ የገጠር ቀበሌ የሠራው ነው። ፍራንሲስ ኬሬ በምዕራብ አፍሪካ፣ በቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ በምትባል መንደር የተወለደ አርክቴክት ነው። በጀርመን አገር ገና ተማሪ ሳለ ለመንደሩ ትምህርት ቤት የሚሆን ገንዘብ አሰባሰበ። ትምህርት ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። የመንደሩ ሰዎች መጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር፤ የጭቃ ቤት በዝናብ ሲፈርስ ያውቃሉና። ኬሬ አፈሩን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ቀላቅሎ በማተሚያ የተጨመቀ ጡብ አደረገው። የቆርቆሮውን ጣሪያ ከግድግዳው ርቆ እንዲወጣ አድርጎ ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይመታ ከለከለ። በቆርቆሮውና ከሥሩ ባለው የጡብ ኮርኒስ መካከል ክፍተት ስለተወ ሞቃቱ አየር በዚያ ይወጣል፣ ክፍሉም ይቀዘቅዛል። የሠሩት የመንደሩ ወንዶችና ሴቶች ናቸው፤ ሙያውም በእጃቸው ቀረ። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን የዓለም ታላቅ የሥነ ሕንፃ ሽልማት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ተቀበለ።

ከሁለቱም የምንወስደው የአሠራር ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ በአካባቢው ያለውን መቁጠር፣ ቀጥሎ ድክመቱን ማወቅ፣ ከዚያ የሚገዛውን ነገር ድክመቱ ላይ ብቻ ማዋል።

3. አፈር መምረጥ

የእርሻ ማሳ የላይኛው አፈር ለጡብ አይሆንም። በውስጡ የበሰበሰ ሥርና ቅጠል ስላለ ጡቡን ያላላዋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምርታችን መሠረት ነው። ስለዚህ የላይኛውን 30 እስከ 50 ሴ.ሜ አፈር ገፍፈን ለብቻው እናስቀምጥና ከሥሩ ያለውን እንጠቀም። ሥራው ሲያበቃ የተገፈፈው ወደ ማሳው ይመለሳል። ጥቁር መረሬ አፈርም ሲረጥብ ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ብቻውን አይሆንም።

ሦስት ቀላል ፍተሻዎች አሉ።

ሀ. የጠርሙስ ፍተሻ። ውስጡ የሚታይ ጠርሙስ ወይም የውሃ ፕላስቲክ እስከ ሲሦው አፈር ሙሉ፤ ውሃና ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ በደንብ በጥብጡና አሳድሩት። አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከመካከል፣ ሸክላው ከላይ ይቀመጣል። አሸዋው ከግማሽ በላይ፣ ሸክላው ወደ ሩብ ገደማ ከሆነ አፈሩ ለጡብ ጥሩ ነው።

ለ. የጥቅል ፍተሻ። አፈሩን አርጥባችሁ 3 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ጥቅል አድርጉ፤ ከጠረጴዛ ጠርዝ ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ግፉት። 5 ሴ.ሜ ሳይሞላ ከተቆረጠ አሸዋ በዝቶበታል፤ ከ15 ሴ.ሜ በላይ ከተንጠለጠለ ሸክላ በዝቶበታል። በመካከሉ ከተቆረጠ ይሆናል።

ሐ. የሙከራ ጡብ። ሁለት ወይም ሦስት ጡብ ሠርታችሁ በጥላ አድርቁ። ከተሰነጠቀ አሸዋ ወይም ጭድ ጨምሩ፤ በጣት ሲታሽ ከተፈረፈረ ሸክላ ያለው አፈር ጨምሩ። የሙከራ ጡብ ሳይደርቅና ሳይታይ ሌላ ጡብ መምታት አይገባም።

4. የጭቃ ጡብ አዘገጃጀት

ወቅት። አካባቢያችን ክረምትም በልግም የሚዘንብበት ስለሆነ ወቅት መምረጥ ወሳኝ ነው። አመቺው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው፤ ጭዱ ከአውድማ ይገኛል፣ ጉልበትም ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ይላላል። የበልግ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ጡቡ ደርቆ መከደን አለበት።

አሠራር። አፈሩ ይነፋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ የጤፍ ጭድ ተጨምሮበት በእግር ይረገጣል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ተሸፍኖ ይቆያል፤ ከዚያ እንደገና ይረገጥና በሣንቃ ቅርጽ ይመታል። ጡቡ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጥላ ይቆይ፤ በቀጥታ ፀሐይ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ሲጠነክር በጎኑ ይቁም፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይድረቅ።

ማተሚያ በማኅበር ወይም በኪራይ የሚገኝ ከሆነ ለ12 ባልዲ አፈር 1 ባልዲ ሲሚንቶ በማድረግ የተጨመቀ ጡብ መሥራት ይቻላል። እንዲህ ያለው ጡብ በተቃራኒው ቢያንስ ለ7 ቀን ተሸፍኖ ውሃ መጠጣት አለበት። ወጪ ለመቀነስ ከመሠረቱ በላይ ላሉት ለመጀመሪያዎቹ ረድፎች ብቻ መጠቀም ይበቃል።

5. ግንባታ፦ ጥሩ ጫማ፣ ጥሩ ባርኔጣ፣ ጥሩ መቀነት

ጫማው መሠረቱ ነው። ጠንካራ መሬት እስኪገኝ፣ ቢያንስ 50 ሴ.ሜ ይቆፈር፤ በድንጋይ ይገንባ፤ ከመሬት በላይም 50 ሴ.ሜ ያህል ይውጣ። ድንጋይ በአካባቢያችን አለ፤ የማሳ ድንጋይ መልቀሙም ማሳውን ያጸዳል። በድንጋዩ ላይ ወፍራም ላስቲክ ወይም የሲሚንቶ ልስን ከተደረገ እርጥበት ከመሬት ወደ ጡቡ አይወጣም። በቤቱ ዙሪያ ውሃ የሚያሸሽ ቦይ ይቀደድ። የእንጨት ቋሚ ካለ በድንጋይ ላይ እንጂ መሬት ውስጥ አይተከል፤ ምስጥ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ባርኔጣው ጣሪያው ነው። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሴ.ሜ አልፎ ይውጣ። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ይህን ጠርዝ ማሳጠር ግድግዳውን እንደመሸጥ ነው።

መቀነቱ ማሰሪያው ነው። ወሎ በአፋር ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ያለ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961፣ ማለትም በ1953 ዓ.ም.፣ በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ማፍረሱና ካራቆሬን ክፉኛ መጉዳቱ ይታወቃል። ያልታሰረ የጡብ ግድግዳ ሲናወጥ ማዕዘኑ ይከፈታል። ስለዚህ ጡቦቹ ማዕዘን ላይ እየተቆላለፉ ይሠሩ፤ በግድግዳው አናት ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ጎን ለጎን ተኝቶ፣ እንደ መሰላል በአጫጭር እንጨት ተያይዞ፣ ቤቱን ዙሪያውን ይሰር። የጣሪያው እንጨት ከዚህ ማሰሪያ ጋር በሽቦ ይጠበቅ። በርና መስኮት ከማዕዘን ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ መስኮት ትንሽ ይሁን። የግድግዳው ውፍረትም ከቁመቱ ከስምንት አንድ እጅ አይነስ።

ልስን። የመጀመሪያው ምርጊት አፈርና ጭድ፣ የላይኛው የተነፋ አፈርና እበት ይሁን፤ ኖራ ከተገኘ በላዩ ይቀባ። ሲሚንቶ በጭቃ ግድግዳ ላይ መለሰን አይመከርም። ሲሚንቶ ደረቅና ግትር ነው፤ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፣ በመጨረሻም ልስኑ የግድግዳውን ቆዳ ይዞ ይወድቃል። የጭቃ ልስን ግን በየዓመቱ ከክረምት በፊት ቤተሰቡ ራሱ ያድሰዋል።

6. የስሌት ምሳሌ፦ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ የእህል ማስቀመጫ

የግድግዳው ቁመት 2.40 ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 30 ሴ.ሜ ይሆናል። ጡቡ 30 በ30 በ10 ሴ.ሜ ቢሆን፣ ከመጋጠሚያ ጭቃው ጋር ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 26 ያህል ጡብ ያስፈልጋል። በሩና ሁለት ትናንሽ መተንፈሻዎች ሲቀነሱ ግድግዳው ወደ 28.6 ካሬ ሜትር ነው። ይህም 745 ጡብ ገደማ ሲሆን ለሚሰበረው 10 በመቶ ሲጨመር ወደ 820 ጡብ ይሆናል።

የሚገዛው ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሽቦ፣ ላስቲክና የበር ማጠፊያ ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ የእነዚህን ዋጋ በቅርብ ገበያው ጠይቆ፣ ለተመሳሳይ ቤት ከሚያስፈልገው ብሎኬት፣ ሲሚንቶና ማጓጓዣ ጋር ያነጻጽር። ጉልበቱ በደቦ ወይም በልማት ቡድን ሊሸፈን ይችላል፤ ምግቡና ጠላው ወይም ቡናው ግን ወጪ ነውና ይቆጠር።

እህሉ ከመሬት በእንጨት ርብራብ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ርቆ ይቀመጥ፤ አየር ይዞራል፣ አይጥም ይታያል። ጣሪያው ላይ አሸንዳ ከተገጠመ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወደ 200 ሊትር ውሃ ይሰጣል፤ ግድግዳውን ሊጎዳ የነበረው ውሃ ለጓሮ አትክልት ይውላል።

7. ግንባታውና ሐይቁ

አርዲቦ የምናጠጣበትና ዓሣ የምናሰግርበት ሐብታችን ነው። የተፈጥሮ መውረጃውም የእስጢፋኖስ ገዳም ወዳለበት ወደ ሐይቅ ነው። ስለዚህ በላይ የምንሠራው ታች ይደርሳል። ለጡብ የሚሆን አፈር ከሐይቁ ዳር፣ ከቦረቦርና ከተዳፋት አይቆፈር፤ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ሐይቁን በደለል ይሞላዋል። ከራሳችን ጓሮ ከለጥ ያለ ቦታ ይቆፈር፤ ጉድጓዱም ለብስባሽ ማዘጋጃ ይዋል። ከእርከንና ከተከለለ ቦታ ድንጋይና እንጨት አይነሣ። በሐይቁ ዳር ያለው ደንገልና ሣር ደለል ስለሚያጣራ ለክዳን ተብሎ ከሥሩ አይነቀል። በአንጻሩ አንድ ቤት በእንጨት ፋንታ በጡብ ሲሠራ፣ የሚተርፈው ዛፍ በተዳፋቱ ላይ ይቆያል።

8. የመወያያ ጥያቄዎች

- በቀበሌያችሁ ፈርሶ ያያችሁት የጭቃ ቤት የተበላሸው ከግርጌው ነው ወይስ ከአናቱ? ውሃው በየት ገባ?
- በጓሮአችሁ ያለው አፈር በጥቅል ፍተሻው ስንት ሴ.ሜ ላይ ተቆረጠ?
- ቆርቆሮ ቢጎድል ጠርዙን ከማሳጠር ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል? ቤቱን ማሳነስስ?

9. የቤት ሥራ

እያንዳንዱ ሞዴል አርሶ አደር ለቀጣዩ ስብሰባ የጠርሙስ ፍተሻ ውጤቱንና ሦስት የሙከራ ጡብ ይዞ ይምጣ። በልማት ቡድኑ ውስጥ ጥሩ አፈር ያገኘ አንድ አባል ተመርጦ የመጀመሪያው ማስቀመጫ በእሱ ግቢ በጋራ ይሠራል። አባላቱ እጃቸውን የሚያሟሹት በዚያ ቤት ላይ ነው። ትንሽ ማስቀመጫ ሠርቶ አንድ ክረምት ማሳለፍ፣ መኖሪያ ቤት ከመጀመር ይቅደም።