የጓሮ መስኖን በጉድጓድ ውኃ አቅም መመጠን፦ በባሕር ዳር ዙሪያ ያሉ የቤተሰብ ጉድጓዶች

መግቢያ

በጣና ሐይቅ አጠገብ በሚገኘው በባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳ፣ በተለይም በሮቢት ባታ ቀበሌ፣ በርካታ ቤተሰቦች በጓሯቸው በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ጌሾ፣ ጫትና አትክልት ያለማሉ። የአካባቢው ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚጥል፣ የጉድጓዱ ውኃ በክረምቱ ማብቂያ ከፍ ብሎ እስከ ግንቦት ድረስ እየወረደ ይሄዳል። ችግሩ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ የሚለማው የመሬት ስፋት የሚወሰነው ውኃው በሚበዛበት በጥቅምት ሲሆን፣ ፍላጎቱ የሚበረታው ግን ውኃው በሚያንስበት በሚያዝያ ነው። ይህ ጽሑፍ የጓሮ ልማት ስፋት በጉድጓዱ ውስጥ በሚታየው ውኃ ሳይሆን ጉድጓዱ በደረቁ ወር መልሶ በሚያመነጨው ውኃ መመጠን እንዳለበት በስሌት ያሳያል።

የስሌቱ አካሄድ

በበጋ አንድ ካሬ ሜትር አትክልት በቀን 5 ሊትር ገደማ ውኃ ይፈልጋል ተብሎ ቢታሰብ፣ ለ100 ካሬ ሜትር 500 ሊትር ያስፈልጋል። ይህም ባለ 10 ሊትር ባልዲን 50 ጊዜ መሳብ ማለት ነው። የጉድጓዱ የውስጥ ስፋት 1.2 ሜትር ከሆነ፣ አንድ ሜትር የውኃ ከፍታ 1,130 ሊትር ገደማ ይይዛል።

የማመንጨት አቅሙን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻም። ምልክት በተደረገበት ገመድ የውኃው ከፍታ ይለካል፤ ከዚያም ውኃው 50 ሳንቲ ሜትር እስኪወርድ ይቀዳና ከ24 ሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደተመለሰ ይታያል። ለምሳሌ 40 ሳንቲ ሜትር ቢመለስ፣ ጉድጓዱ በቀን 450 ሊትር ገደማ ይሰጣል ማለት ነው።

ውጤትና ትንታኔ

ከዚህ መጠን ቅድሚያ የሚቀነሰው የቤት ፍጆታ ነው። አምስት አባላት ላሉት ቤተሰብ ለእያንዳንዱ 20 ሊትር፣ ለበጎችና ለጥጆች ደግሞ 50 ሊትር ቢመደብ፣ ለመስኖ የሚተርፈው 300 ሊትር ይሆናል። ይህ 60 ካሬ ሜትር ብቻ ያጠጣል።

ቤተሰቡ 100 ካሬ ሜትር ካለማ ግን የቀኑ ፍላጎት 650 ሊትር ይደርሳል፤ ጉድለቱም 200 ሊትር ነው። የሚመነጨው መጠን ባለበት ቢቆይ እንኳ ውኃው በየቀኑ ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። 1.5 ሜትር ውኃ የነበረው ጉድጓድ በስምንት ቀን ገደማ ይነጥፋል። ያን ጊዜ የሚጠፋው ሰብሉ ብቻ አይደለም፤ የመጠጥ ውኃውም አብሮ ይጠፋል።

ፓምፕ ይህን ጉድለት አይሞላም። በሰከንድ አንድ ሊትር የሚስብ ፓምፕ አንድ ሜትር ውኃን በ19 ደቂቃ ይጨርሳል፤ ድካሙን ያቃልላል እንጂ ምንጩን አያበዛም። ድንገተኛ የውኃ መውረድም ደለል እንዲገባና ያልተገነባ የጉድጓድ ግድግዳ እንዲናድ ሊያደርግ ይችላል።

የሰብል ምርጫም ከስሌቱ አይለይም። እስከ ጥር የሚሰበሰብ አትክልት በጥቅምቱ ውኃ ላይ ተመሥርቶ ሰፋ ሊል ይችላል። እንደ ጌሾና ጫት ያለ ቋሚ ተክል ግን በሚያዝያው ልክ መተከል ይኖርበታል። የሣር ጉዝጓዝ ማልበስና በማለዳ ወይም በምሽት ማጠጣት ትነትን ስለሚቀንስ ያንኑ ውኃ ያብቃቃል።

ማጠቃለያ

የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ የመመጠኑ ኃላፊነት በአብዛኛው በቤተሰቡና በጎረቤቶቹ ላይ ይወድቃል፤ አጎራባች ጉድጓዶች አንድ የከርሰ ምድር ውኃ ሊጋሩ ስለሚችሉ የአንዱ ከመጠን ያለፈ ቅጂ ለሌላው ይተርፋል። የልማት ሠራተኞች ፓምፕ ከማስተዋወቃቸው በፊት በሚያዝያ የሚደረገውን ይህን ቀላል ልኬት ቢያስለምዱ፣ ቀጣዩ የጥቅምት ተከላ በተስፋ ሳይሆን በታወቀ መጠን ላይ ሊመሠረት ይችላል።