በውሻ የተነከሰ የግቢ ኤሊ፦ የቤት ውስጥ የቁስል ሕክምና እና ወሰኑ

በአዲስ አበባ የመኖሪያ ግቢዎች አልፎ አልፎ የየብስ ኤሊ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜም ከቆላማ ስፍራ የመጣ ባለ ነጠብጣብ ኤሊ ነው። ሩዋንዳን በመሳሰሉ የቦሌ ሰፈሮች ግቢውን የሚጋራው የቤት ጠባቂ ውሻ በመሆኑ ንክሻ የቁስሉ መንስኤ ቢሆን አያስደንቅም። ይህ ጽሑፍ ቤተሰቡ እንዲህ ያለውን ቁስል በራሱ እስከ ምን ድረስ ሊያክም እንደሚችል ይመረምራል።

በቅድሚያ ሊታረም የሚገባው፣ የኤሊ ቅርፊት እንደ ጥፍር ስሜት የለውም የሚለው ግምት ነው። የላይኛው ሽፋን ኬራቲን ቢሆንም ከሥሩ ያለው ሕያው አጥንት ነው፤ ይደማል፣ ያማል፣ ይመረቅዛል። ሳንባው የሚገኘው ከጀርባው ቅርፊት ሥር ነው። ስለዚህ ጀርባው የተሰነጠቀን ኤሊ ለማጽዳት ሲባል ውኃ ውስጥ መንከር አደገኛ ነው። ከስንጥቁ የአየር አረፋ ከታየ ጉዳዩ ከቤት ሕክምና አልፏል።

ላይ ላዩን ለሆነ ቁስል፣ ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ሊትር ውኃ 9 ግራም ጨው አሟሙቶ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ይበቃል። ከዚያም ቀጭን ሻይ እስኪመስል የተበረዘ ፖቪዶን አዮዲን ይቀባል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጤናማውን ሥጋ ጭምር ይጎዳሉ። ደም ለማቆም በየቤቱ የሚነሰነሰው የቡና ዱቄትም ስንጥቁ ውስጥ ተቀርቅሮ ባዕድ ነገር ይሆናል።

የተሳቢ እንስሳት መግል ፈሳሽ አይደለም፤ እንደ አይብ የረጋ ነው። በራሱ ፈስሶ ስለማይወጣ ሐኪም ቆርጦ ሊያወጣው ይገባል። ጠጥሮ የደረቀ እብጠት «እየዳነ ነው» ተብሎ የሚታለፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስንጥቁን በማጣበቂያ መድፈን ደግሞ ተዋህስያኑን ከውስጥ ይቆልፍባቸዋል።

ከመድኃኒቱ ያልተናነሰ ክብደት ያለው ሙቀት ነው። ኤሊ የሰውነት ሙቀቱን የሚያገኘው ከአካባቢው ነው፤ ሲቀዘቅዝ የመከላከል አቅሙም ይዳከማል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ቦሌ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለቆላ እንስሳ ከባድ ነው። ስለሆነም ቁስለኛው ቤት ውስጥ፣ ጋዜጣ በተነጠፈበት ካርቶን፣ ቀን ቀን 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ሊያገኝ ይገባል። እንዲህ ማድረጉ ዝንብ ቁስሉ ላይ እንዳትጥልም ይጠቅማል። ኤሊውን የነካ ሁሉ፣ በተለይ ሕፃናት፣ በሳልሞኔላ ምክንያት እጃቸውን በሳሙና መታጠብ አለባቸው፤ የቁስሉ እጥበትም በወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ አይደረግም።

ቁስሉ ትል ካፈራ ትሉ በወረንጦ ይለቀማል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ከባዱ ስሕተት ለከብትና ለበግ የሚሰጠውን አይቨርሜክቲን መውጋት ነው፤ መድኃኒቱ ኤሊን ሽባ አድርጎ ይገድላል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል። በመሆኑም ባለቤቱ ከቁስሉ ይልቅ ተጠያቂነቱን ፈርቶ ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ ሊቀር ይችላል። የውሻ ጥርስ ግን ባክቴሪያን ወደ ጥልቅ ሥጋ ያስገባል፤ ላዩ ትንሽ የሚመስል ቀዳዳ እንኳ ሐኪም የሚያዝዘው ጸረ ባክቴሪያ ያስፈልገዋል። የቅርፊት ስብራት ለመዳን ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል።