የሩጫውን መስመር ስታነብ

ልጄ፣ የላክልኝን የፈተና ወረቀት አየሁት። ዴሪቬቲቩን ሳትሳሳት አውጥተሃል። የሳትከው ግራፉ የሚናገረውን ነው። ፊዚክስ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ጎበዝ ተማሪዎች ሲወድቁበት ያየሁት እዚሁ ላይ ስለሆነ ልምከርህ።

1. መስመሩን ከማየትህ በፊት በቋሚው ዘንግ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ሜትር ነው ወይስ ሜትር በሰከንድ? የተጋደመ መስመር በቦታ ግራፍ ላይ «ቆሟል» ይልሃል፤ በፍጥነት ግራፍ ላይ ደግሞ «ፍጥነቱን ሳይለውጥ እየሄደ ነው» ይልሃል።

2. ግራፍ የመንገድ ሥዕል አይደለም። የቦታ ግራፍ ሲወርድ ሰውየው ወደኋላ እየተመለሰ ነው። የፍጥነት ግራፍ ሲወርድ ግን፣ ከዜሮ በላይ እስካለ ድረስ ወደፊት መሄዱን አላቆመም፤ ረገብ አለ እንጂ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ «ተመለሰ» ብለህ የጻፍከው ስህተት ነው።

3. ከፍታንና ተዳፋትን ለይ። ይህን በደንብ እንድትይዝልኝ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የተሮጠውን 10,000 ሜትር ልውሰድ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ገባ፤ ፖል ቴርጋት 0.09 ሰከንድ ዘግይቶ ተከተለው። ርቀቱን ለጊዜው ብታካፍል የኃይሌ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 6.1 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር እውነት ነው፤ የመጨረሻውን ዙር ግን ደብቆታል።

በመሙ ላይ የሮጡትን ርቀት ከጊዜ ጋር አድርገህ ሁለት መስመር ሣል። በመጨረሻው ዙር ቴርጋት ሲያፈተልክ የእሱ መስመር ከኃይሌ በላይ ሆነ። ኃይሌ ጫፉ ላይ ሲደርስበት ሁለቱ መስመሮች ተገናኙ። የተገናኙት ቦታቸው እኩል ስለሆነ ነው፤ ፍጥነታቸውማ እኩል አልነበረም፤ የኃይሌ መስመር ይበልጥ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ታዲያ ፍጥነታቸው እኩል የሆነው መቼ ነው? በመካከላቸው ያለው ክፍተት መስፋቱን አቁሞ መጥበብ በጀመረበት ቅጽበት። የክፍተቱ ዴሪቬቲቭ እዚያ ላይ ዜሮ ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ኃይሌ አሁንም ከኋላ ነው፣ ግን ፈጣኑ እሱ ነው። እኔ ካልኩለስን የወደድኩት ይህን የመሰለ ነገር ሲያሳየኝ ነው።

4. ከፍጥነት መስመር በታች ያለው ስፋት ርቀት ነው። ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም ይህን በ14ኛው መቶ ዘመን፣ ኒውተን ሳይወለድ፣ በሥዕል አሳይቶታል። ከዜሮ በታች ያለውን ስፋት ግን መቀነስ አትርሳ። ከቤትህ 600 ሜትር ሄደህ ብትመለስ ኢንተግራሉ ዜሮ ይሰጥሃል፤ እግርህ ግን 1,200 ሜትር ሄዷል። ጥያቄው የትኛውን እንደሚፈልግ ለይ።

5. አክስለሬሽኑ ኔጌቲቭ ሆነ ማለት ሁልጊዜ ፍጥነት ቀነሰ ማለት አይደለም። ቬሎሲቲውም ኔጌቲቭ ከሆነ ሰውየው ወደኋላ እየፈጠነ ነው። ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ እይ።

አሁን ሦስተኛውን ጥያቄ እንደገና ሥራው። የቦታውን ግራፍ ከላይ፣ የፍጥነቱን ከታች አድርግና የጊዜ ዘንጋቸውን በማስመሪያ አስተካክል። ስትጨርስ ላክልኝ፤ እጠብቃለሁ።